በሬገንስቡርግ ያልተነገረ መርዶ

ልጄ ሶስና ባለፈው እሑድ ከምትኖርበት ከስካርቦሮ መጥታ፣ ከጓደኞቿ ጋር የምትሄድበትን የአውሮፓ ጉዞ ስልኳ ላይ ታሳየኝ ጀመር።

«ማሚ፣ ጀርመን ሬገንስቡርግ ላይ ስቶፕ እናደርጋለን፤ ጀስት ለግማሽ ቀን። አንቺ ሄደሽ ነበር አይደል?»

«ሄጃለሁ» አልኩና ምስሩን ለማማሰል ወደ ምድጃው ዞርኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቶሮንቶ፣ ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ከሊንዳ ጋር ልብስ እያጠፍን ካርቶን እንሞላ ነበር። ሊንዳ እዚሁ ቶሮንቶ ተወልዳ ያደገች ሳቂታ ልጅ ናት። ሻንጣችንን በጀርባችን አዝለን አውሮፓን በባቡር ልንዞር ዓመት ሙሉ ስንዘጋጅ ከረምን። ልንነሳ ሦስት ሳምንት ሲቀረን፣ ዌስተን ሰፈር የነበሩ ጥቂት የአገር ሰዎች ማለዳ ቤቴን አንኳኩ። ያን ያህል ሰው በዚያ ሰዓት በሬ ላይ ቆሞ ሳይ ገና ሳይናገሩ ገባኝ። እናቴ አርፋለች።

ጋሽ ተፈራ፣ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሲሰናበቱኝ እጄን ያዙና «መርዶ በስልክ አይነገርም። ወንድምሽ ያለው መንገድሽ ላይ ነው፤ አንቺው በአካል ንገሪው» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው።

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ ሬገንስቡርግ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ ሲጠብቅ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ሥራ አይፈቀድለትም፤ ከአካባቢው መውጣትም አይፈቀድለትም።

በሁለት ባቡሮች መካከል አራት ሰዓት ነበረን። ሊንዳ ካቴድራሉን ልታይ ሄደች። ጋሼ ጣቢያው ላይ ጠበቀኝ፤ ጺሙን ተላጭቷል፣ የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ይሰፋዋል። አገር ቤት የማውቀው ጋሼ ሲራመድ መንገዱ የሚጠበው ሰው ነበር። ይሄኛው ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል።

መስከረም ነበር፤ የፕሪም ወቅት። ከአንድ ዳቦ ቤት ፕሪም የተደረደረበት ኬክ ገዝተን፣ በጠባቦቹ የድንጋይ መንገዶች ወርደን፣ ዳኑብ ወንዝ ላይ ያለው አሮጌ ድልድይ ላይ ቆምን። ኬኩ ይኮመጥጣል። እሱ አልቀመሰውም።

«እማዬ እንዴት ናት?» አለኝ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሳ።

ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን አጠገቡ ሽማግሌ የለ፣ አብሮት የሚያለቅስ ሰው የለ። እኔ ስሄድ እሱ ብቻውን ስድስት ሰው ወደሚተኛበት ክፍል ሲመለስ ታየኝ።

«ደህና ናት» አልኩ።

«ጉልበቷስ?»

«ተሽሏታል።»

«እሷን አንድ ቀን አያለሁ ብዬ ነው እንጂ፣ ይሄንን ኑሮ ማን ይችለው ነበር» አለ።

ከዚያ ከብብቱ ስር አንድ ጥቅል አወጣ። ሰማያዊ የሱፍ ሹራብ ነበር። «በእርዳታ ከመጣልን ልብስ መርጬ ነው። አጥቤዋለሁ። አንቺ ከካናዳ ላኪላት።» ተቀበልኩት። ተቀብዬም አመሰገንኩት።

ባቡሩ ሲነቃነቅ ሊንዳ «ነገርሽው?» አለችኝ። «አልነገርኩትም» አልኳት። የቀረውን ጉዞ የት የት እንደሄድን ዛሬ አላስታውስም።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ አዲስ የመጣ ያገር ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶት፣ የሚያውቅ መስሎት «እግዜር ያጥናህ» አለው። ጋሼ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ አንድ መስመር ብቻ። «ሹራቡን ስትቀበዪኝ ምን እያሰብሽ ነበር?» ይላል። ስንት ጊዜ ይቅርታ ብዬ ጻፍኩ። አልመለሰልኝም። ኋላ ወረቀት እንደተሰጠው፣ እዚያው ጀርመን እንዳገባ፣ ስሜ ሲነሳ ተነስቶ እንደሚወጣ ከሰው ሰማሁ። ይኸው አርባ ዓመት ሊሞላን ነው።

ያን ቀን ለእሱ ያዘንኩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሲያለቅስ ማየቱን ነው የፈራሁት።

«ሶ ምን እንይ?» አለች ሶስና። ስለ ካቴድራሉ፣ ስለ ድልድዩ፣ ስለ ፕሪሙ ኬክ ነገርኳት። እሷም ስልኳ ላይ ጻፈች። እዚያ አገር አጎት እንዳላት ግን ዛሬም አልነገርኳትም።