ድምፁ የማይሰማው ገንዳ

መዶሻ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም። አንዴ የቆሻሻ መኪና በር አልከፈት ቢለው በቡጢ ገንጥሎታል። ዋሸህ የሚል ካለ በሩ ዛሬም በሽቦ ታስሮ ነው የሚሄደው፣ ሄዶ ይይ።

ሥራው ከከተማው ቆሻሻ መጣያ፣ ከክምሩ ስር የሚወጣውን ጥቁር ውሃ ማጣራት ነው። ሽታውን ተዉት፤ አሞራም እጅ ቢኖረው አፍንጫውን ይይዝ ነበር። ውሃውን ገንዳ ያስገቡትና የብረት ዱቄትና ቆዳ የሚልጥ መድኃኒት ይጨምሩበታል። ብረቱን መሐንዲሶቹ ካታሊስት ይሉታል። ነገር ጫሪ ጎረቤት በሉት፤ ሌላውን አጫርሶ እሱ ሳይነካ ይወጣል። ከዚያ ከገንዳው ግርጌ ያለው ማሽን ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይለቅበትና መርዙን ያደቀዋል። ማሽኑ መሥራቱን በጆሮ አታውቁም። መዶሻ ከሲጋራ ፓኮ ብርማውን ወረቀት ቀዶ ይነክራል፤ ወንፊት ሆኖ ከወጣ እየሠራ ነው።

ወዴት ሄድኩ? አዎ፣ የሚስቱ ወንድም። ሥራ ያስገባው ራሱ መዶሻ ነው፤ ግን ሁለቱ እሳትና ጭድ ናቸው። ባለፈው እራት ላይ መዶሻ በጥፊ ቢለው ሚስትየው፣ እዚያው ቆሻሻ መጣያው በር ላይ መኪና የምትመዝነው፣ «ሁለተኛ ወንድሜን ብትመታ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» ብላዋለች። እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው።

አንድ ጠዋት ወንድምየው ገንዳው ላይ ጎንበስ ሲል ስልኩ ከኪሱ ሾልኮ ሰመጠ። እጅጌውን ሰበሰበ።

«ተው! እየሠራ ነው!» ጮኸ መዶሻ ከወዲያ ጥግ።

«ምኑ ነው የሚሠራው ጋሼ? ጭጭ ብሎ!» እጁን ሰደደ።

መዶሻ ዘሎ ደረሰና አገጩን በቡጢ አለው። ወንድምየው ተሽከርክሮ ወደቀ፤ ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ ገንዳው ውስጥ የገቡት ጣቶቹ ከመድኃኒቱ እንደ ኖራ ነጥተዋል።

«ዛሬም? ዛሬም መታኸኝ?» የቧንቧ ብረት አንስቶ የመዶሻን ቅንድብ ተረተረው። ተያያዙ። በርሜል ተገለበጠ፣ መድኃኒቱ የሁለቱንም ሱሪ በላ፣ እንደ ውሻ ተናከሱ። በመጨረሻ መዶሻ የወንድምየውን አንገት በጉልበቱ ረግጦ ያዘ። በደም በተለወሰ እጁ ብርማውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ገንዳው ውስጥ ነከረ፣ ቆይቶ አወጣው። ተበሳስቷል።

«እየው! ይሄ ክንድህ ነበር!»

ወንድምየው ብረቱን ለቀቀ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሚስትየው ግርግሩን ሰምታ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጥርሱን ነው።

«መታኸው?» አለችው ባሏን።

«እትዬ፣ ክንዴን እኮ ነው ያተረፈልኝ» አለ ወንድምየው ደም እየተፋ። ወረቀቱን ሰጣት። ወደ መስኮቱ አንስታ በቀዳዳዎቹ አየች።

«ማዳኑንስ አድነኸዋል» አለችው መዶሻን። «ግን ገፋ ብታደርገው አይበቃም ነበር?»

መዶሻ የቅንድቡን ደም በእጅጌው ጠረገ። መግፋት የሚባል ነገር ጭራሽ ትዝ አላለውም ነበር። አመል ያወጣል ከመሀል፤ ይኸው ነው።

ወንድሟን ደግፋ ወጣች። መዶሻ ቅንድቡን አሰፍቶ ቤቱ ሲደርስ ደጃፉ ላይ የልጆቹ ጫማ የለም።