አጣናው፣ አንገቴና የሴትዮዋ እግዚኦታ

ያን ፎቅ ያቀደው ሰው መስታወት የሚወለውል ሰው መኖሩን አላሰበም፤ ቢያስብም ደንታ አልነበረውም። ነፋሱ ከጓሳ ተራራ በኩል ተነሥቶ አቧራውን እያፈሰ በሚመጣባት የመንዝ ከተማ ውስጥ፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ባለ አንድ ፎቅ መሥሪያ ቤት ገትሮልን ሄደ። ጠዋት የወለወልነው ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ ይጠብቀናል። የጭነት መኪና በጠጠሩ መንገድ ባለፈ ቁጥር እራገማለሁ። የምረግመው ሾፌሩን አይደለም፣ ፎቁን ነው።

የጽዳት ሠራተኞች ሁለት ነበርን። እኔ ሠላሳን ያለፍኩ፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሰው ራስ የምሠራ ሴት ነኝ። በከተማችን ሹሩባ ሲነሣ የሚነሣው የእኔ እጅ ነበር። መስመር ሳወጣ በክር የተለካ ይመስላል፤ ሙሽራ ከእኔ እጅ ሳታልፍ አትወጣም። ጽዳቱ የወር መተዳደሪያዬ ነው። ሰው ፊት ቀና ብዬ የምቆመው ግን በሹሩባው ነበር።

ሁለተኛዋ ስድሳን የተጠጉ፣ መሪጌታ ባላቸው የሞቱባቸው ሴትዮ ናቸው። ዛሬ ስጽፍ አንቱ እላቸዋለሁ። ያኔ ግን እናቴ የሚሆኑትን ሴት ሆን ብዬ «አንቺ» እላቸው ነበር፣ እንዲከፋቸው። የከፋቸው አይመስሉም ነበር። ያ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

የጠባችን መነሻ ፀሐይ ነበረች። በእኛ አገር የጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። የፎቁ ፊት ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የውጭውን መስታወት የያዘ ሰው ፀሐይ እየሞቀ ይሠራል። ኮሪደሩንና መጸዳጃ ቤቱን የያዘ ግን እስከ እኩለ ቀን ከሲሚንቶው ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ውጭው የእሳቸው ነበር፣ ውስጡ የእኔ። ማንም ዕጣ አላጣለንም፤ ቀድመው ስለተቀጠሩ ብቻ ፀሐይዋን ይዘዋታል።

ባልዲዬን ይዤ በኮሪደሩ መስኮት አያቸዋለሁ። ከቤታቸው ያመጡት ረጅም፣ ቀጭን፣ በደንብ የደረቀ እንጨት አላቸው። ጫፉ ላይ ጨርቅ ታስሯል። የሚይዙበት ቦታ ላይ ደግሞ የበግ ጠጉር ጠቅልለው፣ በላዩ ጨርቅ ሰፍተው አወፍረውታል። ከግድግዳው አራት አምስት እርምጃ ርቀው ይቆማሉ። ትንሽ ይወለውሉና እንጨቱን ያወርዱታል፤ እንደ መቋሚያ ብብታቸው ሥር አድርገው ይደገፉታል። መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ጎን ቀይረው፣ በሌላ እጃቸው ያነሡታል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ከንፈራቸው አይቆምም፤ ጠጋ ብዬ ስሰማ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ነው።

እኔ እዚያ ሽንት ቤት ውስጥ ጣቴ እየቆረፈደ፣ እሳቸው ፀሐይ ላይ ቆመው ይጸልያሉ! ደሜ ፈላ።

ጠቅላላ አገልግሎቱን የሚመሩት ሰውዬ ወንበራቸውን ለቀው የማያውቁ ናቸው። ገባሁና «ጌታዬ፣ መስታወቱ ለምን ሁልጊዜ እንደማይደርስ ልንገርዎት?» አልኳቸው። መጋረጃቸውን ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ሴትዮዋ እንጨታቸውን ተደግፈው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የት ይገኛል?

ኃላፊው ያን ቀን ወንበራቸውን ለቀው ወረዱ። እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

«እትዬ፣ ጸሎት በቤተ ክርስቲያን ነው። እዚህ ሥራ ነው» አሏቸው።

«ይኸም ሥራው ነው» አሉ ሴትዮዋ።

«ቆሞ መጸለይ?»

«ሳላወርድ ብሠራው እጄ አይቆይልኝም፣ ጌታዬ።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ ተቀያየርን፤ ሽንት ቤቱ ለእሳቸው፣ ፀሐይዋ ለእኔ። ሴትዮዋ «እንጨቱ የቤቴ ነው» ብለው ብቻ ይዘውት ገቡ።

ኃላፊው ለእኔ ከእንጨት ተራ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና አስመጡልኝ። በዚያው ሳምንት የተቆረጠ፣ ልጡ እንኳ ያልደረቀ እርጥብ ነው። ጫፉ ላይ ጨርቅ በሽቦ አሰርኩበት። ውሃ ሲጠጣ ጊዜ ማንሣቱ እንደ ሞፈር ከበደኝ። ቢሆንስ! ለእሳቸው ማሳየት ነበረብኝ። ግድግዳው ሥር ተጠግቼ፣ አናቴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ ከጠዋት እስከ ምሳ ሳላወርደው ወለወልኩ። ውሃው በክንዴ ሥር እየገባ ወገቤ ድረስ ይወርዳል። እሳቸው ሁለት ቀን የሚፈጅባቸውን እኔ በአንድ ጠዋት ጨረስኩት። ኃላፊው በመስኮት ብቅ ብለው «እንዲህ ነው ሥራ!» አሉኝ። በኮሪደሩ ሳልፍ ሴትዮዋ መጥረጊያቸውን ይዘው አዩኝ። ዓይናቸው ወደ አንገቴ ነበር። ምን ታያለች ብዬ ተንጠባረርኩባቸው።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት ስነሣ አንገቴ አልዞር አለኝ። በእኛ አገር ለዚህ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ ብርድ ነው። ጎረቤቴ «ብርድ ነው»፣ እናቴ «ብርድ ነው»፣ ዘበኛው ሳይጠየቅ «ብርድ ነው»። ቅቤ አስታሸሁ። ወፍራም የሱፍ ፎጣ አንገቴ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምኩ። ፎጣው አገጬን ስለሚይዘኝ ላይኛውን መስታወት ለማየት ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ኋላ መለመጥ ነበረብኝ። እንዲህ አድርጌ በገዛ እጄ አንገቴን ሰበርኩት። ቀጥሎ ቀኝ እጄ መንዘር ጀመረ። አውራ ጣቴና ሁለቱ ተከታዮቹ ሲነኩ የሌላ ሰው ጣት ይመስሉኛል። ይኼንንም ብርድ ነው አሉኝ፣ እኔም አመንኩ።

ማመኔን የተውኩት ከዐቢይ ጾም በፊት አንድ ዓርብ ነው። በማግሥቱ የምትዳር ልጅ ራስ ልሠራ ተጠርቼ ሄድኩ። ቤቱ በሴት ሞልቷል። መሃል ለመሃል የመጀመሪያውን መስመር አወጣሁ፤ ጠመመ። ጠጉሩን በጣቴ ስይዘው የያዝኩት አንድ ዘለላ ይሁን ሦስት አላውቅም። ማበጠሪያው ወደቀ። አነሣሁት፣ ደግሞ ወደቀ። በሦስተኛው የሙሽራዋ እናት ጎንበስ ብለው ራሳቸው አነሡት፣ ለእኔ ግን አልመለሱልኝም። «ደክሞሻል፣ አረፍ በይ» አሉኝና ለሌላ ሴት ሰጡት። ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆሜ አለቀስኩ። እልህ ነው ያስለቀሰኝ፣ ሌላ አይደለም።

ሰርግ በሌለበት ጾም ይሻለኛል ብዬ ከረምኩ፤ ሳይሻለኝ ሲቀር አንድ ሰኞ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ አንገቴን ወዲያ ወዲህ አደረገችና «ሽቅብ እያየሽ የምትሠሪው ሥራ አለ?» አለችኝ። ነገርኳት። «ብርድ አይደለም፣ የአንገትሽ ነርቭ ተጭኖ ነው ጣትሽን ያደነዘዘው። ወይ ሥራውን ተይው፣ ወይ አሠራሩን ቀይሪ። በዚሁ ከቀጠልሽ ጣትሽ ላይመለስ ይችላል» አለችኝ። ሥራውን ልተወው አልችልም። አሠራሩን እንዴት እንደምቀይር ስጠይቃት እሷም አታውቅም፤ መስታወት ወልውላ አታውቅ። የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። ሽንት ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ሴትዮዋ ወለሉን እያሹ ነበር፤ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያን እንጨት እንዴት ነበር የሚይዙት?» አልኳቸው።

«ዛሬ አንቱ ሆንኩልሽ?»

ቀኝ እጄን ነጠላዬ ሥር ከተትኩ።

«እጅሽን አምጪ።» አመጣሁ። አውራ ጣቴን በጥፍራቸው ቆነጠጡት። ፊቴን አዩት፤ አልተሰማኝም። «እሰይ» አሉ። እንዲህ ነው ያሉት፣ አልጨመርኩም። «አሳይሻለሁ። ግን ፋሲካ ደርሷል። አስቀድመሽ ሹሩባ ትሠሪኛለሽ።»

«እጄ እንደማይሠራ እያዩ?»

«እያየሁ።»

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ሻሻቸውን ፈትተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሽበታቸው ብዙ፣ ለስላሳ፣ ለደህና እጅ የተመቸ ጠጉር ነበር። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ታገልኩት። አንዱ መስመር ወደ ጆሮ ሄደ፣ አንዱ መሃል መንገድ ላይ ቀረ፣ ጉንጉኑ አንድ ቦታ ወፈረ ሌላ ቦታ ላላ። ሦስት ጊዜ «ልፍታውና እንደገና ልጀምረው» አልኩ። ሦስቴም «ቀጥይ» አሉኝ። ሲያማቸውም አላቃሰቱም። ሲያልቅ በእጃቸው ዳበሱት፣ መስታወት አልጠየቁም። «በቃ፣ ሰኞ እንገናኝ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት እንጨታቸውን ይዘው ውጭ ጠበቁኝ። አስተማሪ አልነበሩም፤ ገራፊ ነበሩ። «ራቂ! ግድግዳውን ልትስሚው ነው? ራቅ ስትይ ዓይንሽ ብቻ ነው ቀና የሚለው፣ አንገትሽ አይሰበርም።» ራቅሁ። «ጨምቀሽ አትያዢው፣ የሚያመልጥሽ በግ ነው? የበጉን ጠጉር የጠቀለልኩት ጭብጥሽ እንዳይጠብቅ ነው።» አላላሁ። «እጅሽ ከትከሻሽ በላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? በክንድሽ አትግፊ፣ በእግርሽ ሂጂ።» ሄድኩ። ያን የሱፍ ፎጣ ከአንገቴ ላይ ራሳቸው ፈትተው አጥሩ ላይ ወረወሩት።

«አሁን እግዚኦታ በይ። አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ታወርጂዋለሽ፣ ትደገፊዋለሽ፣ አንገትሽን ታቀረቅሪያለሽ። ደግሞ አሥራ ሁለት ትያለሽ። ከዚያ ጎን ቀይረሽ ታነሺዋለሽ።»

«ጸሎት አልነበረም ማለት ነው?» አልኩ።

«ሰዓት የለኝ፣ በምን ልለካው? ባሌ ማሕሌት ሲቆም መቋሚያውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር የሚዘልቀው። ያን እያየሁ ኖርኩ። ለኃላፊው ስነግራቸው አጠገባቸው ቆመሽ ስቀሻል።»

አፈርኩ፤ ከሽንት ቤቱ ብርድ የባሰ ነገር ውስጤ ገባ። እሳቸው ግን ማፈሬንም አላዩልኝም፤ እንጨቱን ትተውልኝ ወደ ሽንት ቤታቸው ገቡ። ኃላፊው ብቅ ብለው «አንቺም ጸሎት ጀመርሽ?» ሲሉኝ ስድስተኛው እግዚኦታ ላይ ነበርኩ። «ከፈለጉ አጣናው እዚያው አለ፣ ወርደው ይሞክሩት» አልኳቸው። መጋረጃውን ዘጉት። ቦታችንን ይመልሱ ዘንድ ሁለት ጊዜ ብጠይቅም «ተመድቧል፣ ተመድቧል» ነው መልሳቸው።

ሴትዮዋ ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሻሽ ማሰር ተዉ። እንዳሻው የተጣመመውን ሹሩባ ገልጠው፣ ነጠላቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ ብቻ ተከናንበው ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ለዳግማይ ትንሣኤ ሄዱ። ሰው ደንግጦ «ምነው እትዬ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገዎት?» ሲላቸው፣ ሳይቆጡ፣ ሳይስቁ፣ የእኔን ስም ይጠራሉ። ከዚያ ወዲህ ራስ ሥሪልኝ ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጨርቅ ስጨምቅ የውሃው ቅዝቃዜ አውራ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ጮኼ ባልዲውን ደፋሁት። ከቦርሳዬ ማበጠሪያዬንና መስመር የማወጣበትን ወስፌዬን አውጥቼ በቀጥታ ኮሪደሩ ውስጥ ገባሁ።

«እትዬ፣ ጣቴ መለስ ብሏል። ልፍታዎትና አሳምሬ እንደገና ልሥራዎት» አልኳቸው።

ወለሉን ማሸታቸውን አላቆሙም። ከተንጋደደው ጉንጉን አንዱ ወርዶ ጉንጫቸው ላይ ይወዛወዛል።

«ይቆይ። የዘመሮ ገበያ ሰው ሹሩባሽን ገና አላየውም» አሉኝ።