የትከሻ ሰላምታ ያተረፈው ጥርስ

ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ጎልማሶች "ና!" "አንተ ና!" እየተባባሉ ለድብድብ ሲገባበዙ አየሁና፣ አስመራ ውስጥ ጥርሴ ለጥቂት የተረፈበት ቀን ትዝ አለኝ።

የኤርትራ ነጻነት በመጣ በዓመቱ ነው። እዳጋ ሓሙስ ሰፈር የብስክሌቴ ፍሬን እምቢ አለኝና የአንድ ግዙፍ ሰውዬ የቲማቲም ዘንቢል ላይ ወጣሁ።

ሰውዬው በቅርቡ ከትግል ሜዳ የገባ ታጋይ ነበር። "ዓይን የለህም?" ብሎ ቀኝ እጄን ጨምድዶ ያዘና በትከሻው ገጨኝ።

የዚያን ዕለት ጠዋት በምጽፍበት ጋዜጣ ላይ "ስትቆጡ እስከ አስር ቁጠሩ" የሚል ምክር አውጥቼ ነበር። እኔ ሁለት እንኳ ሳልደርስ በትከሻዬ መልሼ ገጨሁት።

እጅ ተጨባብጦ ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት ደግሞ የታጋዮች ሰላምታ ነው፤ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ለምዶት ነበር። የሰውዬው ትከሻ ባለቤቱን ሳያማክር ደገመኝ። የእኔም መለሰ። ሦስተኛው ላይ አፉም ተከተለ።

"ከመይ ኣለኻ?" አለኝ፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው።

"ጽቡቕ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቤተሰብ ደህና? እናትህስ?"

እናቱ እንዴት እንዳሉ የጠየቁትን ሰው መምታት ከባድ ነው። አብረን ጎንበስ ብለን የተረፈውን ቲማቲም ለቀምን።

ብስክሌቴን አንስቼ ልሄድ ስል፣ "ቆይ፣ ልመታህ አልነበር?" አለኝ።

"ነበር።"

"እንግዲያው ሌላ ቀን። እናትህን ሰላም በልልኝ።"

እስቲ እናንተም አውጉን፤ የጀመራችሁትን ጠብ እንዲህ ሰላምታ ያበላሸባችሁ ጊዜ አለ?