ደብዛዛዎቹ ጠብታዎች

የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ልሳለም ስወጣ ሁልጊዜ ያንሸራትተኛል፤ የአምናውና የካቻምናው ተደራርቦ ነው የሚገኘው። ለመመረቂያ ሥራዬ የመረጥኩት እሱን ነው፦ በብርድም ቢሆን ይህን ቅጠል የሚያበሰብስ ኢንዛይም ማግኘት።

የተፈጥሮው ኢንዛይም ብርድ ላይ ይሰንፋል። ስለዚህ ጂኑን ሆን ብለን ጥቂት ጥቂት እናዛባና ብዙ ዓይነት እናወጣለን። ዘይት ውስጥ በምትንሳፈፍ የውሃ ጠብታ ውስጥ እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻው እናስገባዋለን፤ ኢንዛይሙ ሲቆርጠው የሚያበራ ቀለምም አብሮ ይገባል። ጠብታዎቹ ከፀጉር ብዙም በማይሰፋ ቦይ አንድ በአንድ ያልፋሉ። እኔ ካስቀመጥኩት ልክ በላይ ያበራችውን ማሽኑ ወደ ጎን ይገፋታል፤ እሷ ለሚቀጥለው ዙር ዘር ትሆናለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ አንዲትም ጠብታ አላለፈች። ቀለሙ እያለቀ ነው። የሚመጣው ከውጭ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ደግሞ ሲመጣ ነው የሚመጣው። ምርቃቴ በጠርሙሱ ቀሪ ላይ ተንጠልጥሏል።

አብራኝ የምትሠራው የሲግናል ሰፈር ልጅ ስክሪኑን አየችና ሳቀች። በዕድሜ ስለምበልጣት አንቱታዋን አትተውም፤ ቀልዷንም።

«እትዬ፣ ማትሪክ በእርስዎ ልክ ቢታረም አገሩ ሁሉ ወድቆ ነበር!»

«ያልሠራ ይውደቅ።»

«ደብዘዝ ብለው የሚያበሩትስ? ሲሪየስሊ፣ አያሳዝኑዎትም?»

«ልኩን ዝቅ ካደረግኩት እብቁም አብሮ ይገባል።»

«ይግባ! በሚቀጥለው ዙር እናንገዋልለዋለና።»

 እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጄን ትምህርት ቤት ካስገባሁ በኋላ ነው። የማታው ክፍል መምህሬ «ትንሽ ይጎድልሻል፤ እለፊ፣ እዚያ ትደርሺበታለሽ» ብለው ነው ያሳለፉኝ።

ልኩን ዝቅ አደረግኩት። ደብዛዛዎቹ አለፉ። ከእነሱ አዳዲስ ዓይነቶች አወጣን፤ በተረፈችው ቀለምም ሁለተኛውን ዙር ጀመርን። ልኩን ግን ወደ ቀድሞው መለስኩት።

«አይ እትዬ! ጨከኑ አይደል?»

ተናግራ ሳትጨርስ አንዲት ጠብታ ልኩን አልፋ ወደ ጎን ታጠፈች። ሌላም ተከተለች።

«ኧረ! ኧረ!» ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ብርሃን ብቻውን አያሳምነኝም። ከእነዚያ ጠብታዎች ያገኘነውን ኢንዛይም ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር በብልቃጥ አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አቆየሁት። ሳወጣው በጣቴ መታ መታ አደረግኩት፤ ቅጠሉ ፈረሰ፣ ጅማቱ ብቻ ቀረ። ኢንዛይም ያልገባበት ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን እንዳለ ነበር።

«አለፉ፣ እትዬ?»

«ቆይ፣ ልድገመው።»

ደገምኩት። ፈረሰ።