የሐጁ አውድማ

ደርግ ወድቆ ግማሹ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ እኛ ሱዳን ውስጥ ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የስደተኞች መጠለያ ቀረን። ከቀረነው መሀል ጴንጤዎቹ ጥቂት ነበርን፤ የምንጸልየውም በሣር ዳስ ውስጥ ነው። አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ጸሎት ቤት ሊያሠራልን ሲመጣ እኔ አስተርጓሚው ሆንኩ። እንግሊዝኛዬ እንኳ ያን ያህል አልነበረም፤ ኩራቴ ግን ሌላ ነው።

የመረጥነው ቦታ ከፍ ያለና ደረቅ፣ የአንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ አውድማ ነበር። ሐጅ እንላቸዋለን። ተሰደን የመጣን ሰሞን በግመል ውሃ ያመጡልን እሳቸው ናቸው። ሚሲዮናዊው ቦታው ባለቤት እንዳለው ሲሰማ ደነገጠ። ቅድመ አያቱ በሠረገላ ወደ ምዕራብ አሜሪካ ተጉዞ ወንጌል የሰበከ ሰው እንደነበረ ነገረኝ።

«ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው የአገሬው ሰዎች መቃብር ላይ ነው። ማንም አልጠየቃቸውም። እኛ ቤት ይህ አይወራም። አንተ ግን ሰውየውን ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። ሐጁ መሬቱን በበትራቸው መታ መታ አደረጉ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ ነህና አልደብቅህም። ለአላህ ቤት እምቢ አልልም። ግን ማሽላዬ ደርሷል። ወቅቼ ልጨርስና ውሰዱት። ሁለት ወር ታገሡኝ።»

ሁለት ወር! የእኔ ሠርግ እኮ አምስት ሳምንት ነው የቀረው። የእጮኛዬ አባት «ልጄን በሣር ዳስ አልድርም» ብለዋል፤ እኔም የአዲሱ ጸሎት ቤት የመጀመሪያ ሙሽራ ነኝ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ለፍፌያለሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሚሲዮናዊውን «ዛሬውኑ ጀምሩ ይላሉ» አልኩት። ወደ ሐጁ ዞሬ ደግሞ «እሺ ብሏል፣ ይጠብቃል» አልኳቸው። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተጨባበጡ።

ሐጁ ለአጨዳ ራቅ ወዳለው እርሻቸው ሄዱ። ማሽላቸውን በግመል ጭነው ሲመለሱ አውድማቸው ላይ ግድግዳና ቆርቆሮ ቆሞ ጠበቃቸው። ሠርጌም አልፏል። በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ነግረኸው ነበር?»

«ነግሬው ነበር» አልኩ።

ሐጁም እህሉን ዋልካው ላይ አፍስሰው ወቁት። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ፍሬው ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ባለቤታቸው ተንበርክከው በእንጨት እየፈለፈሉ ሲለቅሙ አየሁ። አፈርኩ፤ በጣም አፈርኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ እኔ ግን እስኪጠራብኝ ድረስ ዝም ማለትን መረጥኩ።

ሚሲዮናዊው አገሩ ሊገባ ሲል ሐጁን ሊሰናበት ሄደ፤ እኔም አብሬው። እጁን ዘረጋላቸው። ሐጁ ሳይጨብጡት ፊታቸውን አዞሩ። የሚሲዮናዊው ፊት አመድ መሰለ።

«ምን አጠፋሁ? ጠይቅልኝ እስቲ» አለኝ።

ምን ብዬ ልጠይቅ? «አሟቸዋል፤ ሰው ለመጨበጥ አልቻሉም» አልኩት።

«እንግዲያው እንጸልይላቸው» አለና ባርኔጣውን አውልቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይጸልይላቸው ጀመር። እኔ መጨፈን አልቻልኩም። ሐጁ እኔን ነበር የሚያዩት።