የአበልጄ በገና

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። የእኔም የአበልጄ የጌታሁንም ነፍስ አባት አንድ ናቸው፤ ያፈተልካል ብዬ ፈራሁ። ካህን ምስጢር ያወጣል ብሎ የሚጠረጥር ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ ነኛ! ነጋዴ ሲመርቅልኝ እንኳ ሚዛኑን የማይ፣ ሰላምታ ሲረዝምብኝ ምን ፈልጎ ይሆን የምል ሰው ነኝ። እናንተንም ገና አላመንኳችሁም፤ ግን ከዚህ በላይ ይዤው መቆየት አልቻልኩም።

ጌታሁን ወንድ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው ነው። በገና የተማርነው እዚሁ ቀየት ከተማ፣ ከአንድ የኔታ ነው። በየዓቢይ ጾሙ ጎን ለጎን ተቀምጠን የጥንቱን ዜማ እንደረድር ነበር፤ ሁለት በገና፣ ሌላ ምንም የለም። ሰው ሲያመሰግነን ሁለታችንንም ነበር። እኔ ግን ምስጋናው ወደ ማን እንደሚያደላ አጣራ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ልንጀምር ስንል ውሃ ልጠጣ ወጥቼ ስመለስ ጌታሁን የእኔን በገና አቅፎ መቃኛውን ሲያዞር ደረስኩበት።

«ብርዱ አላልቶት ነው፣ አበልጅ» አለኝ።

የመንዝ ብርድ አውታር ማላላቱ እውነት ነው፤ አውታሩ የበግ አንጀት ነዋ። ግን ለምን እኔ ዞር ስል? ከዚያ ወዲያ እሰልለው ጀመር። ደጋግሞ ነካካው፤ ሁልጊዜም ያላየሁት ሲመስለው። ድምፄን አበላሽቶ በሰው ፊት ሊያሳንሰኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠየቅሁት? አልጠየቅሁትም።

ለደብረ ዘይት በዓል በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተራ በተራ እንድንደረድር ተጠራን። የጌታሁን አባት ከጊሼ መጡ። ልጃቸው እርሻውን ጥሎ ከተማ ስለገባ ለዓመታት ያኮረፉ፣ ሲደረድር አንድም ቀን ሰምተውት የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ጌታሁንን ከጠዋት ጀምሮ ጉጉቱ አላስቀምጥ ብሎት ነበር። «አበልጅ፣ ዛሬ ከወደዱልኝ ታረቅን ማለት ነው» አለኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ዛሬ እኔን ረግጦ ሊታይ ነው አልኩ።

በገናውን ቃኝቶ አስቀመጠና አባቱን ሊቀበል ወደ በር ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ። በገናን እንዲያ የሚያንዘረዝረው እንዝራ የሚባለው ነው፤ በየአውታሩ ሥር የሚገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ። ጥቂት ከቦታው ካለፈ ድምፁ ይሞታል፣ መመለሱም ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ገፋሁት። በገዛ ጣቴ፣ አንድ በአንድ፣ እኔው ገፋሁት።

ጌታሁን አውታሩን ሲነካ ደረቅ፣ የታፈነ ድምፅ ወጣ። ጎንበስ ብሎ አየ፤ በጣቱ ሞከረ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ይጠብቀዋል። ላቡ መጣ። አንዴ ቀና ብሎ አየኝና እንዲያው ደረደረ። ሲያበቃ አባቱ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«እርሻውን የጣልከው ለዚህ ነው?» አሉት።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ጌታሁንም ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት በገና አልያዘም።

በተከታዩ ጾም ብቻዬን ስደረድር የኔታ አስቆሙኝ።

«ማን ነው የቃኘው?»

«እኔ ነኝ፣ የኔታ።»

«ተው ልጄ፣ ጆሮህ ከከዳህ እኮ ቆየ። ጌታሁን ነበር ከኋላ ከኋላህ የሚያቃናልህ። ያፍራል፣ አይንገሩት ብሎ ለምኖኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ተጠራጥሬ ነው ብዬ አላመካኝም። የተጠራጠረ ሰው ይጠይቃል፤ እኔ ቀንቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ በልጃቸው እንዳዘኑ እንዲሞቱ ያደረግሁ እኔ ነኝ። ጌታሁን ያውቅ ይሆን? ልጄን ስድር መጥቶ አብሮኝ ሲጨፍር ፊቱን ሳጠና አመሸሁ። ካወቀ ለምን ይመጣል? ካላወቀስ ያን ዕለት ለምን አየኝ?

ዘንድሮ ጾሙ ሲገባ ቤቴ መጣ። «አበልጅ፣ በገናህን አምጣው፣ ልቃኝልህ። እኔ እንደሁ ትቼዋለሁ» አለኝ። አመጣሁለት። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ምን ፊት አለኝ? እሱ አንገቱን ደፍቶ አውታሩን ሲያጠብቅልኝ፣ እኔ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኔን ከጣቶቹ ላይ አላነሳሁም።