«ደኅና ነኝ» ያልንበት ዓመት

የባለቤቴ የጥሩዬ ሕመም በብርድ ጀመረ። ጣልያን ቡሬ አጠገብ ያለውን መንደራችንን ሲያቃጥል ወደ ዓባይ በረሃ ሸሽተን ነበር። እዚያ በጠራራ ፀሐይ ጋቢዬን ተከናንባ ተንቀጠቀጠች። ወባ መሆኑ ለማንም አልጠፋውም። ብርዱ ሲለቃት ግን ተነሥታ እንስራዋን አዘለች፤ እኛም አለፈላት ብለን ተውነው።

አላለፈላትም። እየተመላለሰ ዓመት ሙሉ በላት። ወደ ቀያችን ስንመለስ እንስራው በገንቦ፣ ገንቦው በቅል ተተካ። እህል አስጠላት። ቀሚሷ ሰፋት። ጣፊያዋ አበጠ። ጎረቤት እየመጣ እንዴት እንደሰነበተች ይጠይቃታል፤ እሷም እንደ ወጉ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ትላለች። እነሱም ተሽሏታል ብለው ይሄዳሉ። የታመመን ሰው ከሳህ ማለት ነውር ነዋ! የጣልያንን ኃጢአት ለጣልያን ትቼ፣ የእኛን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲሸሽ፣ ከሱዳን በኩል የመጣ አንድ የእንግሊዝ ሐኪም ከከተማው ዳር ድንኳን ተከለ። በበቅሎ አደረስኋት። ቁስለኛው በረድፍ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ሐኪሙ በአስተርጓሚ እንዴት ነሽ አላት። ደኅና ነኝ አለች። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጅሉም በሰው ፊት ሚስቴን ማዋረድ መሰለኝና ደኅና ናት አልሁ።

ሐኪሙ ትክ ብሎ አያትና አንድ ቃል ተናገረ። አስተርጓሚው ሱዳን የኖሩ የአገራችን ሽማግሌ ነበሩ።

«ዲክላይን ነው ወይ ይላል» አሉኝ። «ይህ ቃል ዛሬ ለወደቀ ሰው አይባልም። ቀስ በቀስ ለሚወርድ ነው፤ ጉልበትም ሀብትም መንግሥትም እንዲያ ሲሆን ይሉታል። ግን ትናንት የት እንደነበረች ያላወቀ ሰው ሊለው አይችልም። እሱ ያያት ዛሬ ነው። የምታውቃት አንተ ነህ፣ ልጄ፤ ንገረው።»

ነገርሁት። እንስራውን፣ ገንቦውን፣ ቅሉን። የተወችውን እህል። ሐኪሙ ጣፊያዋን ዳሰሰ።

«ትንሽ ብትዘገዩ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒንም አያድናትም ነበር» አለ።

መድኃኒቱ እጅግ ይመር ነበር፤ ጆሮዋንም ያጮኸው ነበር፤ ሁዳዴ ቢሆንም የንስሐ አባታችን ጾሙን ስለፈቱላት በየጠዋቱ ወተት እየጠጣች፣ መጀመሪያ እስከ ደጃፍ፣ ከፋሲካ በኋላም እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ መሄድ ቻለች።

አምላክን፣ ሐኪሙን፣ ከሁሉም በላይ እኒያን ሽማግሌ አመሰግናለሁ። ቤታችሁ በሽተኛ ያለባችሁ ሰዎች፣ ምስጋናውን ለቤተ ክርስቲያን አቆዩት፤ ለሐኪም ግን ባለፈው ወር ምን ይችል እንደነበር፣ ዛሬ ምን እንዳቃተው ንገሩት። ከበሽተኛው አፍ አትጠብቁ።

ጥሩዬ ከዳነች በኋላ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለችኝ፦

«እኔስ ደኅና ነኝ ያልሁት ለወጉ ነው። አንተ ግን በየቀኑ ታየኝ ነበር።»